የ«ጾረ» ግሥ ልጆች፤ ስለ መዝገበ ቃላቶቻችን የቀረበ ሒስ

ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ይዘው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ሥራ በአማርኛ «ሸክም» ይባላል። ቃሉ ከግእዙ «ሰከመ» ጋር አንድ ዘር ሲሆን፣ በዕብራይስጥ «ሼኬም» ትከሻ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በግእዝ ሸክምን የሚገልጽ ሌላ ታላቅ ግሥ አለ፤ እርሱም «ጾረ» ነው። ትግርኛ እስከ ዛሬ በዚሁ ትርጉም ያውቀዋል።

አማርኛ ይህን ግሥ ከጀርባ አውርዶ ወደ ቤት አስገባው። «ጾመ» «ጦመ»፣ «ጸጉር» «ጠጉር» እንደ ሆነ ሁሉ «ጾረ»ም «ጦረ» ሆኖ ያረጀ ወላጅን መመገብና መደገፍ ማለት ሆነ። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው አነጋገር ከዚህ ወጣ። «ነፍሰ ጡር» ግን የጥንቱን ትርጉም ሳይለቅ ቆይቷል፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነውና።

የጀርመናውያን ልሳናት ሊቃውንት «ቤራናን» ብለው በኮከብ ምልክት የሚጽፉት፣ በጽሑፍ ያልተገኘ ጥንታዊ ግሥ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በእንግሊዝኛ መሸከምንም መውለድንም ይዞ ቀረ፤ በጀርመንኛ ለመውለድ ብቻ ተወሰነና ሸክሙን «ትራገን» ለተባለ ሌላ ግሥ ለቀቀ። የእኛው «ተሸከመ» የያዘው የ«ትራገን»ን ቦታ ነው።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) እና የቮልፍ ሌስላው የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት (1987 እ.ኤ.አ.) ባይኖሩ ይህን ማለት አይቻልም ነበር። ሆኖም በሥር የተደራጀ መዝገብ ዘመዳሞችን ጎን ለጎን ሲያቆም፣ አንዱ ግሥ የሌላውን ሥራ መቼና ለምን እንደ ወሰደ የሚያሳይበት ስፍራ የለውም። ከዚህ የከፋው የአንባቢው ልማድ ነው፤ «ጦረ» የ«ጾረ» ብልሽት ነው ይላል። አማርኛ ከደቡቡ፣ ግእዝ ከሰሜኑ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቅርንጫፍ ስለሚቆጠሩ፣ የሁለቱ ወላጅ እንደ «ቤራናን» ያልተጻፈ ልሳን ነው። እንግሊዝኛን የጎታውያን ልሳን ብልሽት ነው የሚል ማንም የለም!

ከልጆቹ ሁሉ ወደ መንግሥት ቤት የገባው «ጡረታ» ነው። በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ተደነገገ። የእንጦጦዋ ተሸካሚ ቀጣሪ ስለሌላት ከሁለቱም ውጭ ናት፤ እርጅናዋ የሚጠብቀው ከአዋጁ ቃል የቀደመውን «ጧሪ»ን፣ ማለት ልጇን ነው። መዝገበ ቃላት «ጡረታ»ን ሲፈታ «ጧሪ»ን አስቀድሞ ቢጽፍ የቃሉ ታሪክ በቅደም ተከተሉ ይነበብ ነበር።