የማይደፋው ዝቃጭ

ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉት ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1914 በማንቸስተር ያሳወቁት ግኝት ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ዝቃጩን አልደፉትም።

ፍሳሽ ውስጥ አየር መንፋት በዚያን ጊዜም አዲስ ነገር አልነበረም። አማካሪያቸው ጊልበርት ፋውለር ከሁለት ዓመት በፊት አሜሪካ ሄዶ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሎውረንስ በሚባል ከተማ በሚገኝ የምርምር ጣቢያ ሲሞከር አይቶ ተመልሷል። ሁለቱ ኬሚስቶች ፍሳሽ በጠርሙስ ሞሉ፤ አልጌ እንዳይበቅል ጠርሙሱን በቡናማ ወረቀት ሸፍነው አየር ነፉበት። አሞኒያው ሁሉ ወደ ናይትሬት እስኪለወጥ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ የጠራውን ውሃ ብቻ ቀድተው አወጡና በረጋው ዝቃጭ ላይ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህንኑ ደጋገሙት። በየዙሩ ጊዜው እያጠረ ሄደ፤ በመጨረሻ ያው ሥራ በ24 ሰዓት አለቀ።

እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ላደገ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። እርሾ ለቀጣዩ ቡኮ የሚያደርገውን ዝቃጩም ለቀጣዩ ፍሳሽ ያደርጋል። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ያሉት እዚያ ነውና።

የማጣሪያ ጣቢያ ባለሙያ የዕለት ጭንቀትም ከዚሁ ይመጣል። አየር ከሚነፋበት ገንዳ አንድ ሊትር ቀድቶ፣ ረጅም መስፈሪያ ውስጥ ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቃል። ዝቃጩ ወደ ታች ሰብሰብ ብሎ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ከተወ ደህና ነው። ተንሳፍፎ ከቀረ ክር መሳይ ባክቴሪያዎች በዝተው ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት የተጠራቀመው ሕይወት ከውሃው ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳል። ቀለሙን ማየት፣ ሽታውን መለየትም የሥራው አካል ነው። ደህናው ዝቃጭ ቡናማ ሆኖ እርጥብ አፈር ይሸታል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ኦክስጅን አልደረሰውም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ ግኝቶችም በአብዛኛው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ናቸው፦ ማን ገንዳው ውስጥ ይቆይ? አሞኒያን ያለ ኦክስጅን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በእጥፍ ለመራባት 11 ቀን ያህል ይፈጅባቸው ነበር። እነርሱን ማቆየት ሳይቻል እ.ኤ.አ. በ2002 ሮተርዳም ላይ የተጀመረው በእነርሱ የሚሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ጣቢያ ባልተሠራ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የሆላንዳዊው የጋትዜ ሌቲንጋ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎችን አጥንቶ፣ ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ሲወጣ ዝቃጩ ራሱ እየከበደ ከታች እንደሚቀር አሳየ። አየር መንፊያም ሆነ መንፊያውን የሚያሽከረክር ኤሌክትሪክ አያስፈልግም፤ በዚያ ላይ የሚወጣው ሜቴን ይነድዳል። ሌቲንጋ ፈጠራውን በፓተንት አላጠረውም፤ ይህ ውሳኔ ለድሃ አገሮች ከብዙ ብድር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ኮሎምቢያ ካሊ ከተማ ውስጥ 64 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገንዳ በከተማ ፍሳሽ ላይ ተሞከረ።

አዲስ አበባ ቃሊቲ የተሠራው፣ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደው ጣቢያም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል። ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ቀጥሎ በማጣሪያ ንጣፎች ላይ ይንጠባጠባል፤ ከገንዳው ያመለጠውን ቆሻሻ እዚያ የተጣበቁት ባክቴሪያዎች ይበሉታል።

ካሊ ግን ሞቃት ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ፍሳሹ ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያዎቹ ይዘገያሉ፣ ያልተፈጨ ደለል ገንዳው ውስጥ ይከማቻል፣ ሜቴኑም በይበልጥ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይወጣል። ስለዚህ የደጋው ዝቃጭ በክረምት ምን እንደሚያደርግ ከዚያው ከጣቢያው ገንዳ በሚቀዳ ናሙና ዓመት ከዓመት መጠናት አለበት። ይህን ዘዴ ብቻውን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንዲያጠፋ መጠበቅም አይቻልም፤ የጣቢያው ውሃ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ዳር ደግሞ ጎመንና ሰላጣ የወንዙን ውሃ እየጠጣ ይበቅላል።