የሁለት መመረቂያ ጽሑፎች ሚዛን

ስለ ዶክትሬት ትምህርት ዕቅድ ሲወጣ ዘወትር የሚጠየቀው ትምህርቱ ስንት ዓመት ይፈጃል፣ ወጪው ምን ያህል ነው፣ ስንት ተመራቂስ ይገኛል የሚል ነው። የምርምሩ ጥያቄ ከወዴት መጣ፣ ማንስ መረጠው የሚለው ግን በዕቅድ ሰነድ ውስጥ እምብዛም ቦታ አያገኝም። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ታሪክ ይህን ጉዳይ ጎላ አድርገው ከሚያሳዩት መካከል ክሎድ ሻነን በአሜሪካ ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያቀረባቸው ሁለት የመመረቂያ ጽሑፎች ይገኛሉ። አንደኛው በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ለማስተርስ ዲግሪ፣ ሁለተኛው በ1940 በሒሳብ ለዶክትሬት ዲግሪ የተጻፉ ናቸው። በማዕረግ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ሙያውን የለወጠው ግን የመጀመሪያው ነው።

ሻነን በ1936 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስናና በሒሳብ ተመርቆ ወደ ተቋሙ የመጣው በምርምር ረዳትነት ነበር። የተመደበውም ቫኔቫር ቡሽ በሠራው ዲፈረንሻል አናላይዘር በተባለው ግዙፍ የስሌት መኪና ላይ ነው። መኪናውን ይቆጣጠር የነበረው አንድ መቶ ያህል ሪሌዮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚገናኙና የሚቋረጡ ማብሪያዎች፣ የተሳሰሩበት ዑደት ነው። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለው ዑደት የሚነደፈው ይበልጡን በልምድና በሙከራ ነበር። ሻነን ግን በሚቺጋን በፍልስፍና ትምህርት የተዋወቀው የጆርጅ ቡል አልጀብራ ለዚሁ ዑደት ልክ ሆኖ እንደሚገጥም ተመለከተ።

በጽሑፉ ውስጥ 0 የተገናኘውን መንገድ፣ 1 የተቋረጠውን መንገድ ይወክላል። መደመር ማብሪያዎች በተከታታይ ሲቀጠሉ፣ ማባዛት ደግሞ በትይዩ ሲቀጠሉ የሚሆነውን ይገልጻል። 1 ሲደመር 1 እንደገና 1 ነው ቢባል ተማሪ ይደነግጥ ይሆናል፤ ሆኖም ሁለት የተቋረጡ ማብሪያዎች ተከታትለው ቢቀጠሉ መንገዱ ያው እንደተቋረጠ ነው። (በዛሬ መማሪያ መጻሕፍት የተለመደው አጻጻፍ የዚህ ግልባጭ ስለሆነ፣ ጽሑፉን በክፍል የሚጠቀም መምህር ይህን አስቀድሞ ቢያስታውቅ ይበጃል።) ጽሑፉ ሐሳቡን አቅርቦ ብቻ አይቆምም፤ በመጨረሻው ክፍል የኤሌክትሪክ ቁልፍን፣ ድምፅ መቁጠሪያንና በሁለት ቤት ቁጥር የሚደምር ዑደትን እየነደፈ ያሳያል። የጽሑፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢው አልጀብራውን አምኖ እንዲቀበል አይለመንም፣ በእጁ ይዞ እንዲሠራበት ይሰጠዋል።

ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ሪሌይ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ለመዞር ጊዜ ይወስዳል፤ አልጀብራው ግን በአመዛኙ የሚናገረው ዑደቱ ከረጋ በኋላ ስላለው ሁኔታ ነው። ከዚህም ሌላ ሐሳቡ የሻነን ብቻ አልነበረም። በጃፓን አኪራ ናካሺማ፣ በሶቪየት ኅብረት ቪክቶር ሼስታኮቭ በእነዚያው ዓመታት ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሰዋል። ይህ ግን የሻነንን ሥራ ከማሳነስ ይልቅ የጥያቄውን ምንጭ ያመለክታል። ጥያቄው በሪሌዮቹ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሒሳብ አውቆ የሚጠጋውን ሰው ይጠብቅ ነበር።

ወደ ዶክትሬቱ ጽሑፍ ሲታለፍ ሁኔታው ይለወጣል። የካርኔጊ ተቋም ፕሬዚዳንት የሆነው ቡሽ፣ ለዑደት የሠራው አልጀብራ ለዘር ውርስ ጥናትም ይሠራ እንደሆነ ሻነን እንዲሞክር አሳሰበው። ሻነን ምንም ያልተማረውን የጄኔቲክስ ሙያ ከመጀመሪያው አንሥቶ አጠና፤ በ1939 በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ከባለሙያዎች ዘንድ ሠራ፤ በሚቀጥለውም ዓመት «ለንድፈ ሐሳባዊ ጄኔቲክስ የሚሆን አልጀብራ» በሚል ርዕስ ጽሑፉን አቀረበ። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ ማዕረጉንም በሚገባ አግኝቷል። ነገር ግን ጽሑፉ አንባቢ አላገኘም። ደራሲው ሙያውን ትቶ ሄደ፤ ጽሑፉም የታተመው በ1993 ሥራዎቹ ተሰብስበው በወጡ ጊዜ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሻነን በየካቲት 1939 ለቡሽ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ በስልክ፣ በራዲዮና በቴሌግራፍ መልእክት የሚተላለፍበትን ጠቅላላ ሕግ አልፎ አልፎ እየመረመረ መሆኑን ገልጾ ነበር። የ1948ቱ ታላቅ የመገናኛ ንድፈ ሐሳብ ጽሑፉ ዘር ይህ ነው። ዶክትሬቱ በሚሠራበት ጊዜ የራሱ ጥያቄ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሆኖ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ቡሽን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ጎበዝን ተማሪ ከአንድ ሙያ እንዳይታጠር ማድረግ በራሱ ስሕተት አይደለምና። የሚያስተዛዝበው ግን የቡሽ የራሱ የተማሪነት ታሪክ ነው። ክላርክ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ መምህሩ አርተር ዌብስተር ስለ ድምፅ እንዲያጠና ቢፈልግ፣ አልቀበልም ብሎ ትምህርት ቤቱን ለቆ ወጥቷል። የምሕንድስና ዶክትሬቱን በ1916 ከማሳቹሴትስ ተቋምና ከሃርቫርድ በጣምራ ሲያገኝም፣ አማካሪው አርተር ኬኔሊ ጽሑፉን እንዲያሰፋው ቢጠይቀው እምቢ ብሎ፣ የክፍሉ ኃላፊ ዱጋልድ ጃክሰን ለተማሪው ፈርዷል። የተሰጠውን ርዕስ ያልተቀበለ ተማሪ አማካሪ በሆነ ጊዜ ርዕስ ሰጪ ሆነ።

ለዕቅድ አውጪ እዚህ ላይ የሚነሣው ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይም ነው። ሻነን ለ1937ቱ ጽሑፍ የበቃው በመኪናው አጠገብ የሚያቆመው የረዳትነት ደመወዝ ስለነበረው ነው። ለዶክትሬት ተማሪ የመጻሕፍትና የትምህርት ክፍያ ተመድቦለት፣ ቀን በቀን የሚገኝበት ቤተ ሙከራ ካልተመደበለት፣ ጥያቄውን ከታተመ ጽሑፍ ወይም ከአማካሪው አፍ ከመቀበል ሌላ አማራጭ አይኖረውም።

ሻነን ራሱ በ1956 ወደ ተቋሙ በፕሮፌሰርነት ተመለሰ። ካማከራቸው ጥቂት ተማሪዎች አንዱ አይቫን ሰዘርላንድ ነው። ሰዘርላንድ በሊንከን ቤተ ሙከራ በሚገኘው ቲ ኤክስ ሁለት በተባለው ኮምፒዩተር እየሠራ፣ በብርሃን ብዕር በመስኮቱ ላይ ሥዕል መሣል የሚያስችል መርሐ ግብር ነደፈ። በ1963 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዶክትሬቱን ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው።