ያለ ደሞዝ የሚያስተምሩን

የዛሪማ ሰው ሲታመም መንገዱ ሽቅብ ነው። ከቆላው ተነስቶ ሊማሊሞን በጠመዝማዛው ይወጣል፣ ደባርቅ ላይ ብርድ ይቀበለዋል፣ ከዚያ እስከ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። ሐኪም ፍለጋ የመጣው ሰው ታዲያ ሳያውቀው መምህር ይሆናል።

ከዓመታት በፊት አንድ የዛሪማ ጎልማሳ ልጠይቅ ወደ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል (ስሙን ተዉት) ሄጄ ነበር። ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ የማይለቅ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ይዞ የተመለሰ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች አልጋውን ከበቡት። አንዱ ሆዱን ዳሰሰ፣ ሌላው ቀጠለ፤ ስምንተኛው ላይ መቁጠር ተውኩ። በእንግሊዝኛ ተጠያየቁ፣ ሳቅ ብለው ሄዱ። «ምን አሉ?» አለኝ። እኔን! ምርመራው የተደጋገመው በሽታው ስለከፋ መስሎት ኖሯል።

ኋላ ስንጫወት፣ እርሻው ላይ ያድር የነበረው ግራር ሥር እንደሆነ ነገረኝ። የካላዛር ዝንብ ደግሞ ግራርና የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ትወዳለች። የት ታድር ነበር ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ጣፊያውን ዳስሰው ትምህርቱን ጥለውት ሄዱ።

አገሩ እንኳ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክን የትምህርቱ አካል ያደረገ ነው። ዳባት ላይም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪው ልደትና ሞት መመዝገብ ተጀመረ። ግሩም ሥራ ነው። ገበሬው ተቆጠረ፣ ተጠየቀ፣ ተመረመረ፤ ስለተማሪው ጠባይ አስተያየት ሰጥቶ ከማርክ ሲገባለት ግን እኔ አላየሁም። እንግሊዞች በበኩላቸው፣ ሐኪሞችን የሚቆጣጠረው ምክር ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመዘኛ፣ ታካሚና ሕዝብ በሕክምና ትምህርቱ እንዲሳተፉ ጠይቀዋል።

ተማሪው በዛ፣ አልጋው አነሰ፣ ይሉናል መምህራኑ። እውነት ነው። ቢሆንም «ጋሼ፣ ተማሪዎች ነን፤ ብንዳስስዎ ይፈቅዳሉ? ባይፈቅዱም ሕክምናዎ አይጓደልም» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ፈተናው ሲያበቃስ ታካሚውን «ያለዎት ገብቶዎታል? ሰላም ብሎዎታል?» ብሎ ለመጠየቅ?

የዛሪማው ሰው ተማሪዎች መሆናቸውን ስነግረው አልተቆጣም። «ቢማሩብኝ ምን ከፋኝ?» አለ። «ነገ የእኔኑ ልጆች ያክሙ የለ? ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩኝ ሄዱ እንጂ።»