ንጉሡ የጠየቀውና ያልጠየቀው

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ታሪክ፣ በሁለተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ይተርካል። የግብጽ ንጉሥ ፕሳሜቲኮስ ከሕዝብ ሁሉ ቀዳሚው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጎ ሁለት ሕፃናትን ለአንድ እረኛ ሰጠ። እረኛው በፊታቸው አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ታዘዘ፤ በየጊዜውም ፍየሎች እያመጣ ወተት ያጠጣቸው ነበር። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ሲገባ ሕፃናቱ እጃቸውን ዘርግተው «ቤኮስ» አሉት። ንጉሡም ቢያስጠይቅ ይህ ቃል በፍርግያ ሰዎች ዘንድ ዳቦ ማለት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ግብጻውያን የፍርግያ ሰዎች እንደሚቀድሟቸው አመኑ።

ይህ ታሪክ ምስጋናም ነቀፌታም ይገባዋል። የሚመሰገነው ንጉሡ በወሬ ሳይረካ ነገሩን ፈትኖ ለማወቅ መነሣቱ፣ ፈተናውም በተፈረደበት ጊዜ የቀዳሚነትን ክብር ለሌላ መልቀቁ ነው። ምንም ማስረጃ ሳይፈልግ «አዳም የተናገረው በእኔ ቋንቋ ነው» እያለ የሚመካ ሰው ዛሬም አይታጣምና።

ነቀፌታው ግን ከምስጋናው ይበልጣል። አንደኛ፣ ለቃሉ ትርጕም የሰጡት ሰሚዎቹ እንጂ ሕፃናቱ አይደሉም። ሕፃናቱ አዘውትረው የሰሙት የፍየል ድምፅ ነበር፤ ፍየል ስትጮኽ የሰማ ሁሉ «ቤ» የሚለው ድምፅ ከወዴት እንደ መጣ መገመት አያቅተውም። እረኛው አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን ኖሮ «ልጆቹ በቃ አሉ» ብሎ ባመለከተ ነበር፤ የቀዳሚነቱም ክብር ለእኛ በተሰጠን ነበር። እንግዲህ ድምፅ ብቻውን ቋንቋ አይሆንም። ቋንቋ የሚሆነው ተናጋሪና ሰሚ «ይህ ምልክት ይህን ነገር ያመለክታል» ብለው ሲስማሙበት ነው።

ሁለተኛውና ትልቁ ነቀፌታ ይህ ነው፦ ንጉሡ የትኛው ቋንቋ በኵር እንደ ሆነ ጠየቀ እንጂ ሰው የማያናግረው ልጅ ምን እንደሚጐድልበት አልጠየቀም። ጸሐፊውም የልጆቹ መጨረሻ ምን እንደ ሆነ ሳይነግረን ታሪኩን ዘጋው።

ስለ ቋንቋ ጠባይ የተሻለ ምስክር የተገኘው በቅርብ ዘመን፣ በማዕከላዊ አሜሪካ በኒካራጓ አገር ነው። ቀድሞ በየቤታቸው ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች፣ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማናጓ ከተማ በትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። መምህራኑ የስፓኝን ቋንቋ ከከንፈር እንዲያነቡ ሊያስተምሯቸው ሞከሩ፤ ብዙም አልተሳካላቸውም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ያመጡትን የእጅ ምልክት አዋጡ። ከእነሱ በኋላ የመጡት ታናናሾች ያንኑ ተቀብለው የራሱ ሕግና ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ አደረጉት። ያን ቋንቋ ያስተማራቸው ማንም አልነበረም። ፕሳሜቲኮስ ቋንቋን የፈለገው ልጆችን ከሰው ለይቶ ነበር፤ በማናጓ የተገኘው ግን ልጅ ከልጅ ጋር ሲገናኝ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር ለጨዋታ ያህል የሚነበብ አይምሰልህ። በጎረቤትህ መስማት የተሳነው ልጅ ይኖር ይሆናል፤ ምናልባትም እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ያስገቡት ይሆናል። «አእምሮ የለውም» ከሚሉት ጋር አትተባበር። የጐደለው የሚነጋገረው ሰው እንጂ አእምሮ አይደለም። የእጅ ምልክቱን ተማርለት፤ ከመሰሎቹም ጋር እንዲገናኝ ወላጆቹን ምከር። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለህም «ገና ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል» ብለህ ዝም አትበለው፤ አጫውተው፣ ስመ ነገሩን ንገረው፣ ሲኮላተፍም ታግሠህ ስማው።

የፕሳሜቲኮስ እረኛ ዝም ያለው ንጉሥ አዝዞት ነው። እኛን ግን ዝም በሉ ብሎ ያዘዘን ማን ነው?