በፍራፍሬው ጥምጥም ሥር

አንድ ብራዚላዊ ከአገሩ ወጥቶ ሲጓዝ ስሙን ከመናገሩ በፊት ማንነቱ ተነግሮ ያልቃል። ሳምባ እንዲደንስ ይጠየቃል፤ ኳስ መጫወት እንደማይችል ሲገልጽ ቀልደኛ ይባላል፤ ተጓዧ ሴት ስትሆን ደግሞ ጥያቄው ከዳንስ አልፎ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ተመልካችም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ብራዚል ሲባል ከፔሌ ቀድሞ የሚታወሰው ነገር ብዙ አይደለም።

ይህ የጅምላ ፍረጃ ብዙውን ጊዜ ከድንቁርና የመነጨ ተደርጎ ይታለፋል። ጉዳዩ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ከተጓዡ ቀድሞ የሚደርሰው ምስል ደራሲ፣ አልባሽ፣ አዘጋጅና ገንዘብ ከፋይ ያለው ሥራ ነው፤ ስለዚህም እንደማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ ሊመረመር ይገባዋል።

ካርሜን ሚራንዳ እ.ኤ.አ. በ1909 በሰሜን ፖርቱጋል ተወልዳ በሕፃንነቷ ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ የተወሰደች፣ በሬዲዮና በሸክላ ዝናን ያተረፈች ዘፋኝ ነበረች። በ1939 ኒውዮርክ ስትገባ ይዛው የገባችው ልብስ ግን የባሂያ ጥቁር ሴቶች ልብስ ነበር። በብራዚል ባርነት በሕግ የቀረው በ1888 ነው። በሳልቫዶር ጎዳናዎች ምግብ እየሸጡ ቤተሰባቸውን ላስተዳደሩት ለእነዚያ ሴቶች ጥምጥሙ፣ ነጩ ጥልፍ ልብስና ዶቃው ከአፍሪቃ ከመጣው እምነታቸው ጋር የተሳሰረ፣ የሥራም የክብርም ልብስ ነው። ሆሊውድ ከልብሱ ላይ ሥራውንም እምነቱንም ገፍፎ ቀለሙን ብቻ አስቀረ፤ በራሷ ላይ የነበረችውንም ትንሽ የፍራፍሬ ቅርጫት ተራራ አሳከላት። በዝቢ በርክሌይ ባዘጋጀው የ1943ቱ ሙዚቃዊ ፊልም ውስጥ የሙዙ ዘውድ ወደ ላይ እየተመዘዘ ሲሄድ ዘፋኟ ከሥሩ እጅግ አንሳ ትታያለች። የአዘጋጁ ሙያ አይካድም፤ ትርኢቱ ዛሬም ዓይን ይይዛል። ሰውዬዋ ግን የለችም። ከዚያ አስቀድሞ በ1940 ታሪኩ በአርጀንቲና በሚፈጸም ፊልም ውስጥ በፖርቱጋልኛ እንድትዘፍን ተደርጓል፤ ለፊልሙ ባለቤቶች ቦነስ አይረስና ሪዮ ልዩነት አልነበራቸውም።

በዚያው ዓመት ወደ ሪዮ ተመልሳ በኡርካ ካዚኖ ለከበርቴ ታዳሚ ስትዘፍን የጠበቃት ቀዝቃዛ ዝምታ ነበር። አሜሪካዊት ሆና መጣች ተባለች፤ እሷም መልሷን በዘፈን ሰጠች። ይህ ዝምታ ግን ንጹሕ የአገር ፍቅር ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ከቅሬታው ከፊሉ ምስሉ ሐሰት በመሆኑ የተነሣ ሳይሆን የጥቁሮችን ሳምባ የአገሪቱ ፊት አድርጋ በማቅረቧ የመጣ ነው። ባሂያዊቷ ምግብ ሻጭ በውጭ ተቀለደባት፤ በአገሯም ታፈረባት።

የማርሴል ካሙ «ጥቁር ኦርፌ» በ1959 በካን የወርቅ ዘንባባ ሲሸለም ምስሉ ቅኔያዊ መልክ ያዘ። መሠረቱ በ1956 በሪዮ ማዘጋጃ ቤት ቲያትር የታየው የቪኒሲዩስ ደ ሞራይስ ተውኔት ነው። ፊልሙ ጥቁር ተዋንያንን በፍቅርና በሞት ታሪክ መሪ ሚና ላይ ማውጣቱ የማይናቅ ነው፤ ነገር ግን በዚያ የድሆች ኮረብታ ላይ ድህነት የባሕሩን ወሽመጥ ቁልቁል የሚያሳይ ውብ ሰገነት ከመሆን አላለፈም። ግላውበር ሮሻ በ1965 ጄኖቫ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ የላቲን አሜሪካ ረሃብ ለአውሮፓዊ ተመልካች እንግዳ ጣዕም ሆኖ እንደሚቀርብ የተናገረው ይህን የመሰለውን አመለካከት የሚነካ ነው። ካርሎስ ዲዬጌስ በ1999 ያንኑ ታሪክ መሣሪያና አደንዛዥ ዕፅ ካለበት ኮረብታ ላይ ደግሞ ሠራው፤ በ2002 «የእግዚአብሔር ከተማ» ተከተለ። ሁለቱም ከቀደመው ምስል የበለጠ እውነት ይዘዋል። ሆኖም ተጓዡ ከጥያቄ አላረፈም፤ ስለ ዳንስ ይጠይቁት የነበሩት ስለ ጠመንጃ ይጠይቁት ጀመር።

ስለ ሴቷ ተጓዥ ግን ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ መጫን አይቻልም። በወታደራዊው መንግሥት በ1966 የተቋቋመው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ኤምብራቱር በተከታዮቹ ዓመታት ገላቸው የተጋለጠ ሴቶችን ከባሕር ዳርቻው ጋር አንድ ላይ አትሞ ለዓለም በትኗል። ጎብኚ ለመሳብ የወጣው ሥዕል ኋላ በሥራ ፍለጋ ወደ አውሮፓ የተሻገረችውን ሴት ቀድሟት ደረሰ። በ2003 በሰሜን ፖርቱጋል በብራጋንሳ ከተማ፣ በምሽት ክበቦች የሚሠሩ ብራዚላውያት ከከተማው እንዲወጡላቸው ሚስቶች ፊርማ አሰባሰቡ፤ ወሬውም የዓለም መጽሔቶችን ገጽ ሞላ። የክበቦቹ ደንበኞች የከተማው ባሎች መሆናቸው ያን ያህል አላነጋገረም። ከዚያ ወዲያ አስተማሪዋም፣ ነርሷም፣ ተማሪዋም ያልሠራችውን ሚና ተሸከመች። ቋንቋው አንድ ነው፤ ዘዬው ግን ይለያል። ቤት ለመከራየት ስልክ የምትደውል ብራዚላዊት ገና ሰላምታ ስትሰጥ ቤቱ ተይዟል የምትባልበት ጊዜ አለ።