ዋጋ ብቻ የሚጻፍበት ደብተር

ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ እህል ስነግድ የምይዘው ደብተር ቀን አይቆጥርም። ባለካሬ የሒሳብ ደብተር ነው፤ አንዱ ካሬ በኩንታል መቶ ብር። ለምሳሌ ማሾ ከ8,000 ብር ተነስቶ 8,700 ቢደርስ ሰባት ካሬ ወደ ላይ እሞላለሁ። ወደ 8,500 ቢመለስ አልነካውም። 8,400 ሲገባ ግን፣ ሦስት ካሬ ወርዷልና፣ አጠገቡ ሌላ ዓምድ ቁልቁል እጀምራለሁ። ዋጋው ካልተነቃነቀ ወር ቢያልፍም ገጹ እንዳለ ይቆያል። ወር ሲብት ብቻ የወሩን ቁጥር በካሬው ውስጥ አሰፍራለሁ።

ይህ አያያዝ ለእኛ ገበያ ይስማማል። ክረምት ላይ ጭቃው የአምባሰልን ገበሬ ያስቀረዋል፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ ገበያው ይጨናነቃል። በየሳምንቱ ብመዘግበው ያን ሁሉ ግርግር አዝማሚያ ነው ብዬ እሳሳት ነበር። ጃፓኖች ካጊ በሚሉት የዋጋ ሥዕልም መስመሩ የሚታጠፈው ዋጋው በተወሰነ መጠን ሲገለበጥ ብቻ ነው።

እኔ ከዓምዱ ጫፍ ይልቅ ግርጌውን አምናለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር የመኸሩ እህል ሲገባ ዋጋው መውረዱ የታወቀ ነው። የዘንድሮው ግርጌ ከአምናው በላይ ከቆመ ግን ገበያው ሽቅብ ይዟል። ታዲያ የሚጻፈው እህሉ የተሸጠበት ዋጋ ነው እንጂ ደላላው የጠራው አይደለም። ነጭ ጤፍና ሰርገኛም በአንድ ገጽ አይገናኙም።

የመቶ ብሩ ካሬም ሁልጊዜ አያገለግልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በንግድ ባንክ 74 ብር አለፈ። ብር እንዲህ ሲረክስ መቶ ብር የድሮው መቶ አይደለምና ካሬውን በመቶኛ ማስላት ይሻላል።

ዋጋ ብቻውን ግን አንድ ከባድ ነገር ይሸሽጋል፤ ወሎዬ ይህን መርሳት የለበትም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አሳይቷል። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ እህልም ገንዘብም አጣ፤ የመግዣ አቅም ከሌለው ደግሞ ረሃቡ ዋጋውን አያንረውም። የመንገድ እጦትንም በምክንያትነት ያነሱ ምሁራን አሉ። ያም ሆነ ይህ የዚያን ጊዜው የደሴ ዋጋ በእኔ ደብተር ቢሰፍር ኖሮ የተረጋጋ ገበያ መስሎ ይታይ ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል።

ስለዚህ ሁለተኛ ገጽ አለኝ። እሱ ላይ የምሞላው አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ ነው፤ አንዱ ካሬ አምስት ኪሎ። በክፉ ጊዜ ሰው ከብቱን እያወጣ ስለሚሸጥ ይህ ዓምድ ቀድሞ ይወርዳል። የማሽላው ገጽ ባለበት ቆሞ ይህኛው ቁልቁል ከጀመረ ለማከማቸት መግዛቴን አቆማለሁ፤ መጋዘን ያለውንም ኩንታሉን ፈትቼ በኪሎ እሸጣለሁ።