ከቴምዝ ወንዝ ሥር

ለንደን ድረስ እንግዳ ሲመጣብኝ ቢግ ቤንን ለፎቶ ያህል አሳየውና በቀጥታ ወደ ግሪኒች እወስደዋለሁ። ወንዙ ዳር ጉልላቱ የመስታወት የሆነ ክብ የጡብ ቤት አለ። መጀመሪያ ሳየው፣ ይቅር ይበለኝና፣ የሕዝብ መጸዳጃ መስሎኝ ነበር። ጠመዝማዛ ደረጃውን ሲወርዱት ግን ቴምዝን ከሥሩ በእግር የሚያሻግር፣ 370 ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው ከደቡብ ለንደን ማዶ ወዳለው ወደብ ለሚሄዱ ሠራተኞች ነው፤ የጀልባው መሻገሪያ አያስተማምናቸውም ነበር። ዛሬም መግቢያ አይከፈልበትም።

ግድግዳው በነጭ ሸክላ ስለተለበጠ ሲኒ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ሰሜን ጫፉ ላይ በድንገት ይጠባል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ የጎዳውን ከውስጥ በብረት ደግፈውት ነው። ከሁሉ የምወደው ድምፁን ነው፦ አንዱ ቢያስነጥስ ከሩቅ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ አማትባ ገባች። መሃል ላይ ቆም ብላ ጣሪያውን አየችና «አሁን ውሃው ከላያችን ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት ነጠላዋን ሰብስባ እርምጃዋን አፈጠነች። ማዶ ወጥተን አየር ስትስብ አውቶቡስ ልፈልግላት ስል፣ «የምን አውቶቡስ ነው ልጄ፣ በዚያው እንመለስ እንጂ!»